ፊልሙ ወደ እናቴ መንደር ሲመጣ

1985፣ ሦስተኛው ወር፣ ቀን 4
ከወረዳው የባህል ማዕከል

ለጓድ ፔይ ቹንሊን
የፊልም ዳይሬክተር፣ ሺአን

ጤናዎ እንዴት ነው? በዓሉስ እንዴት አለፈ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሃያ ቀን ሆነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፖስታ ቤታችን ለጨረቃው አዲስ ዓመት ተዘግቶ ነበር ብዬ ልዋሽዎት አስቤ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ደስታዬን ለማንም ሳላሳይ ለብቻዬ ይዤው ልሰንብት ብዬ ነው።

በመጀመሪያ፣ «መምህርት ታው» አይበሉኝ። አስተምሬ አላውቅም። የግድግዳ ጋዜጣ የምጽፍ፣ በዓል ሲደርስ ከበሮ የሚመቱ ሽማግሌዎችን ስም የምመዘግብ የባህል ማዕከል ሠራተኛ ነኝ። «የወንዙ ማዶ» ባለፈው መከር መጽሔት ላይ ሲወጣ ከአርታኢው፣ ከእኔና ከወረዳችን የጥርስ ሐኪም በቀር ያነበበው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሐኪሙም ያነበበው በሽተኛ ስላልመጣለት ነው። እርስዎ ሦስት ጊዜ አነበብኩት ሲሉኝ፣ ሞኝ ነው ወይስ ሥራ ፈት ብዬ ለራሴ ሳቅሁ። ከዚያ ደብዳቤውን መልሼ አነበብኩት።

አዎ፣ ፊልም ያድርጉት። ፈቅጃለሁ። ታሪኩ እንደሆነ ቀላል ነው፤ ሁለት እህትማማቾች፣ በብርድ ወራት ወደ በረዶ የረጋ ወንዝ፣ ማዶ ባለው መንደር ሸራ ተወጥሮ ፊልም የሚታይበት አንድ ምሽት። ታናሺቱ በበረዶው ላይ ትሻገራለች፤ በረዶው ይከፈታል። ሌላ ምንም የለውም፣ በዚህ ላይ ምን እንደሚጨምሩበት እኔ አላውቅም።

እውነተኛ ታሪክ ነው ወይ ላሉኝ፣ ይሄ ጸሐፊ የሚጠየቀው ጥያቄ አይደለም። ዶሮን ሾርባው ጣፈጠሽ ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ስለ በረዶው ግን እነግርዎታለሁ። በአንደኛው ወር ጋሪ ይሸከማል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ላዩን ነጭ ሆኖ ከሥሩ ይበላል፤ ማታ ማታ ጆሮዎን ቢያስጠጉበት አንድ ሰው ከታች በቀስታ የሚያወራ ይመስላል። ለተዋናዮችዎ ይጠንቀቁላቸው።

ታው ሹሜይ


1985፣ ሦስተኛው ወር፣ ቀን 24
ሺአን

የተከበሩ መምህርት ታው፣

ይቅርታ፣ ሌላ አጠራር አፌ ላይ አልመጣ አለ።

ሁለተኛው ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ታሪኬን እንዴት አገኙት ብለው ለጠየቁኝ፣ ነገሩ ያሳፍራል። ዘንድሮ እዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ሁላችንም አብደናል። አዲስ መጽሔት በወጣ ቁጥር ዳይሬክተሮቹ ይናጠቁታል፤ አንዱ ጥሩ ታሪክ ካገኘ ሌላው እንዳያይበት ካፖርቱ ውስጥ ይደብቃል። የእርስዎን የደበቀ ግን አልነበረም። አንድ ባልደረባዬ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አድርጎት ነው ያገኘሁት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ክብ የሻይ እድፍ ነበረበት፤ እኔ ጨረቃ የተሣለ መስሎኝ ብዙ ቆይቼ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ሳስብ ሁልጊዜ ቡናማ ጨረቃ አለችበት። ፊልሙ ውስጥም ሳትገባ አትቀርም።

ቃል ወደ ሥዕል ሲሄድ ምን ይጎድላል ላሉኝ መልሱን አላውቅም። እርስዎ «ልጅቷ ወደ ኋላ ሳትዞር ሄደች» ብለው ጽፈዋል፤ አምስት ቃል ነው። እኔ ግን ኮቷን፣ ፀጉሯን፣ ስንት እርምጃ እንደሄደች፣ ትንፋሿ እንዴት እንደሚተን መወሰን አለብኝ። እስክወስን ድረስ ልጅቷ በየቀኑ በክፍሌ መስኮት በኩል ታልፋለች። ምሳ እየበላሁ ታልፋለች። አንዳንዴ እጠራታለሁ።

ደስ የሚል ወሬም አለኝ። ለቀረጻው ማረፊያ ፈልጌ በየመንደሩ እየዞረ ፊልም ለሚያሳየው የወረዳችሁ ቡድን ኃላፊ ጽፌ ነበር። ሰውዬው በደስታ ሊበር ነው! ፊልሙ ሲያልቅ ከሁሉ በፊት የሚታየው በትውልድ መንደርዎ በታውጂያዋ አውድማ ላይ እንዲሆን ወስኗል። «እናቷን ከሁሉ ፊት እናስቀምጣቸዋለን» ብሎኛል። እናትዎን አስቀድሜ እንኳን ደስ አለዎት ልበላቸው።

ፔይ ቹንሊን


1985፣ አራተኛው ወር፣ ቀን 2

ጓድ ፔይ፣

ፈቃዴን አንስቻለሁ። «የወንዙ ማዶ» ፊልም አይሆንም። ምክንያቱን አይጠይቁኝ። የከፈላችሁኝን ሁሉ በፖስታ መልሻለሁ። ስላደከምኩዎት ይቅርታ።

ታው ሹሜይ


1985፣ አራተኛው ወር፣ ቀን 28

ጓድ ፔይ፣

ሦስት ደብዳቤና አንድ ቴሌግራም! ቴሌግራሙን ያመጣው ፖስተኛ ሰው የሞተብኝ መስሎት አብሮኝ ሊያለቅስ ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ስከፍተው «ለምን?» የሚል አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ሲያገኘው ተናደደ። እኔም ተናደድኩ። ከዚያ ምሽቱን ሙሉ ይህ ሰው ጽሑፉ ጸድቆለት፣ ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ምን ሊል ነው እያልኩ አዘንኩልዎት። እሺ፣ እነግርዎታለሁ። ከእርስዎ ጋር ይቅር።

ታሪኩ እውነት ነው። እህቴ ያንዚ ትባላለች። በ1971 በሁለተኛው ወር አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ሃያ ሦስት። አባታችን ከሞተ ገና ሃያ ቀኑ ነው፤ እናቴ መደቡ ላይ ተኝታ እህል አልቀምስ ብላለች። ማዶ ፊልም አለ ተባለ። ያንዚ ፊልም ካሉ ገሃነምም ትሄዳለች። እኔ ጠዋት ጨው ልገዛ በዚያው በረዶ ላይ ተሻግሬ ተመልሼ ነበር። «እታለም፣ ይሸከማል?» አለችኝ። «ይሸከማል፣ ሂጂ፣ ዶሮዎቹን አስገብቼ እደርስብሻለሁ» አልኳት። በርጩማዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሄደች። ይህቺን «ይሸከማል» ያልኳትን መጽሔቱ ላይ አልጻፍኳትም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

አስከሬኗ አልተገኘም። አጎቴ የመንደሩ አለቃ ነበር፤ ሰዉን ሰብስቦ «ይህች ሴት በአንድ ወር ሁለት ሞት አትችልም፣ እስክትጠና ድረስ ልጅቷ ምዕራብ ጠረፍ ድረስ፣ ሺንጂያንግ ለእርሻ ልማት ሄዳለች በሉ» አለ። መኪናው ድንገት መጣ፣ ለመሰናበት ጊዜ አልነበረም ተባለ። አርባ አንድ ቤት ሰው እሺ አለ። እስከ ጸደይ ነበር የታሰበው። ጸደይ መጣ፤ እናቴ ተነሥታ እህል ቀመሰች፤ «ያንዚ ጻፈች ወይ?» አለች። ማን ይንገራት? እኔም የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት በዓመት ሁለት ጊዜ እየጻፍኩ፣ ወደ መንደር እየሄድኩ፣ እናቴ ፊት ቆሜ አነባለሁ። እናቴ ፊደል አትለይም።

አሁን ገባዎት? ታሪኩን ለመጽሔት የሰጠሁት መጽሔት ታውጂያዋ ስለማይደርስ ነው። ቢደርስም እናቴ አታነበውም። የሆነ ቦታ ላይ እውነቱን ካልተናገርኩ የማብድ መሰለኝ፤ ወረቀት ላይ ተነፈስኩ። ፊልም ግን በአህያ ጋሪ ተጭኖ አውድማው ላይ ይመጣል! ማንበብ ለማይችል ሰው ሁሉ የሚመጣ ነገር ነው እኮ። ይህን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳላስብ «አዎ፣ ፈቅጃለሁ» ብዬ በደስታ ፈረምኩልዎ። እንደ እኔ ያለ ደደብ የት ይገኛል?

እናቴ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው በእነዚያ ደብዳቤዎች ነው። እባክዎ አያጥፏት።

ሹሜይ


1985፣ አምስተኛው ወር፣ ቀን 9
ሺአን

መምህርት ታው፣

ደብዳቤዎን አንብቤ ወጣሁና እግሬ እስኪዝል ድረስ የከተማውን ግንብ ተከትዬ ሄድኩ። ቴሌግራሙን ስለላክሁ በራሴ አፈርኩ።

ልጅቷ አትሞትም። ወሰንኩ። ፊልሙ ውስጥ በረዶው ይሰነጠቃል፣ ሰዉ ልቡ ይንጠለጠላል፤ ግን ትሻገራለች። ማዶ መኪና አለ፤ ከዚያ ባቡር፤ ከዚያ ሺንጂያንግ። እናትዎ አውድማው ላይ ከሁሉ ፊት ተቀምጠው ልጃቸው ስትሄድ ያዩዋታል። አሥራ አራት ዓመት ያልተሰናበቷትን ይሰናበቷታል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ይህ ታሪክ እጄ የገባው።

ስቱዲዮው ከጠየቀኝ ተስፋ ያለው መጨረሻ እፈልጋለሁ እላለሁ፤ እነሱ ተስፋ ይወዳሉ። ቃሌ ነው፣ እናትዎ በሰላም ይዩት።

አንድ ነገር ብቻ፣ ስለ ያንዚ የሺንጂያንግ ኑሮ ትንሽ ይጻፉልኝ። ወደ ምን እንደምትሄድ ሳላውቅ ባቡር ላይ ላሳፍራት አልችልም።

ፔይ


1985፣ አሥረኛው ወር፣ ቀን 20

ወንድሜ ፔይ፣

እግዜር ይስጥልኝ። በዝናቡ ወራት ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ስለተቆረጠ ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ይኸው ደግሞ ቀይ ቁርቁራ አንድ ከረጢት ልኬልሃለሁ። «አንተ» ስልህ አትቆጣ፤ በዕድሜ እበልጥሃለሁ፣ በዚያ ላይ ምስጢሬን ይዘሃል።

ጥያቄህ አያልቅም እንዴ! እሺ፣ በተራ ልመልስ።

ያንዚ መጀመሪያ ጥጥ ለቃሚ ነበረች፤ ጣቷ ሁሉ ቆስሎ ነበር። አሁን ትራክተር ትነዳለች። በ1976 ዶንግ የሚባል ረጅም ዝምተኛ ሰው አገባች፤ ዘፈን አይችልም ግን ይዘፍናል። ወፍራለች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል። ልጅ አልወለደችም፤ እናቴ በየደብዳቤው ትቆጣታለች። ለምን አትመጣም ላልከኝ፣ ባቡሩ ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ፈቃድ አይሰጣትም፣ አንድ ዓመት ታመመች፣ አንድ ዓመት ትራክተሩ ተበላሸ። የፈጠርኳቸውን ሰበቦች ተከታትዬ የምመዘግብበት ደብተር አለኝ፤ እንዳልደግማቸው።

ሩቅ መንገድ የመጣ እንዲመስል ወረቀቱን በደረቅ አሸዋ አሻለሁ፣ ከዚያ እስኪልም ድረስ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ፖስታዎቹን እዚያ ደርሶ የመጣ ሾፌር ሰጥቶኛል። ሳነብ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነው፤ እናቴ መደቡ ላይ እግሯን አጣጥፋ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንብቤ ስጨርስ «ድገሚው» ትላለች። ሁለተኛውን ጊዜ ከንፈሯ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ከዚያ መልሱን እየተናገረች ታጽፈኛለች። እጽፋለሁ፣ አሽጌ ይዤው እመጣና መሳቢያዬ ውስጥ አኖረዋለሁ። ሃያ ስምንት ደርሰዋል።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ልንገርህ። አንዳንዴ እኔም እረሳዋለሁ። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሳነብ የጥጡ እርሻ ይታየኛል፤ ማለቂያ የሌለው ነጭ፣ በመሃሉ ቀይ ትራክተር፣ ከላዩ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ታያለች። ትጠራኛለች። ድምጿ የሠላሳ ዓመት ሴት ድምጽ ነው፤ ሰምቼው የማላውቀው ድምጽ። ከሕልም ስነቃ ነው ወንዙ ትዝ የሚለኝ። እናቴም እኔም እዚያ እርሻ ላይ ነው የምንኖረው ማለት ይቻላል።

ባቡሩን አሳምረው እሺ? መስኮት አጠገብ አስቀምጣት፤ ያንዚ መስኮት ትወዳለች።

ሹሜይ


1986፣ ሦስተኛው ወር፣ ቀን 16
ሺአን

መምህርት ታው፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። የቀረጻው ሰሞን መጥተው ሳይጎበኙን ስለቀሩ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እንኳን ቀሩ እላለሁ። ዓይንዎን ማየት አልችልም ነበር።

ባቡሩን ቀረጽኩት። መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። ተዋናይቷ እጇን አውለበለበች፣ ጭሱ ወጣ፣ ሁሉም ነገር አማረ። ከዚያ ተመልሼ ሳየው ውሸት ነበር። መጥፎ ውሸት። የእርስዎ ውሸት ቆሞ ይሄዳል፣ ይወፍራል፣ ትራክተር ይነዳል፤ የእኔው ባቡር ላይ ተቀምጦ ያውለበልባል።

የእርስዎ ደብዳቤዎች መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን ወንዙ ዳር የበረዶ ንፋስ ስለነፈሰ ሥራ ፈተን ተቀመጥን። እናት ሆነው የሚጫወቱት አሮጊት እሳት ዳር ዓይናቸውን ጨፍነው አየሁዋቸው። ታላቅየዋን ልጅ መስኮት አጠገብ አቆምኳትና ወረቀት ሰጠኋት። «ጥጡ ዘንድሮ ጥሩ ነው» አለች። ካሜራ የያዘው ሰውዬ እያለቀሰ ነበር። እኔ «ድገሚው» አልኳት። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ግን አላቆምኩም።

ልጅቷ ትሰምጣለች። ታላቅየዋ ደብዳቤዎቹን ትጽፋለች። «ይሸከማል» ያሉትንም አስገባሁት። ያለ እሱ የቀረው ሁሉ አይቆምም ነበር። ስቱዲዮው አይቶ አጽድቆታል፤ ቅጂዎቹ እየታተሙ ነው። ከእኔ እጅ ወጥቷል።

እኔ ቃሌን በላሁ፣ ምስጢር ሰረቅሁ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ፊልም ነው፤ ይሄን መናገሬ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ይቅርታ ልጠይቅዎት አፍ የለኝም፤ ግን እጠይቃለሁ።

ፔይ ቹንሊን


1986፣ አራተኛው ወር፣ ቀን 2

ፔይ ቹንሊን፣

ሰላምታ የለኝም።

አንተ ሌባ! ወንድሜ አልኩህ እኮ። ቁርቁራ ላኩልህ። አሥራ አራት ዓመት ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ለአንተ ነገርኩህ፤ አንተ ደግሞ አምስት ሜትር ሸራ ላይ ልትሰቅለው! እናቴ ሁለት ሞት በአንድ ምሽት ልታይ ነው፤ የልጇን ሞትና የእኔን ክህደት። ያንዚን «ሂጂ» ያልኳት እኔ መሆኔን ከሸራ ላይ ልትሰማው ነው። «እናትዎ በሰላም ይዩት» ያልከው አፍህ ምን ይባላል?

ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል አልክ። እንኳን ደስ አለህ። ከዚህ በኋላ አትጻፍልኝ።


1986፣ ዘጠነኛው ወር፣ ቀን 5
ሺአን

መምህርት ታው፣

እንዳልጽፍ ከልክለውኛል፤ ግን ቀኑን ማወቅ አለብዎት። ቅጂው ወረዳችሁ የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ነው። በ8ኛው ቀን ታውጂያዋ ይታያል።

ራሴ ሄጄ የፊልም ቡድኑን ኃላፊ ለመንኩት። ሌላ መንደር ይቅደም አልኩት። «የመንደሩ ልጅ የጻፈችውን መንደሩ ሳያይ ማን ይየው?» ብሎ ሳቀብኝ። ስምዎ ያለበትን ጨርቅ አጽፈው ጨርሰዋል። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ምስጢርዎን ሁለተኛ ጊዜ ማውጣት ሆነብኝና ዘጋሁት።

አንድ ነገር ብቻ አስተውያለሁ። የፊልም ማሳያ ማሽኑን የሚያስኬደው አጎት ጂን፣ ሽማግሌዎቹ የተዋናዮቹን የከተማ ንግግር ስለማይሰሙ፣ ፊልሙን በድምጽ ማጉያ በአገራችሁ አነጋገር እያስረዳ ነው የሚያሳየው። ሰዉ ሥዕሉን ያያል፣ ታሪኩን ግን ከእሱ አፍ ነው የሚሰማው። እርስዎ ያውቁታል፤ እሱም ያንዚን ሳያውቃት አይቀርም።

ከዚህ በላይ የማደርገው የለኝም።

ፔይ


1986፣ አሥረኛው ወር፣ ቀን 12
ታውጂያዋ

ፔይ፣

አትጻፍልኝ ብዬህ እኔው ጻፍኩልህ። ይቅር አላልኩህም፤ ይሄን አስቀድሜ ልንገርህ። ግን የሆነውን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

ከፊልሙ አንድ ቀን ቀድሜ መንደር ገባሁ። ብርድ ነው፣ ፊልሙም አሰልቺ ነው፣ ቤት እንሁን አልኳት እናቴን። «ልጄ የጻፈችውን ሳላይ ልቅር? አፍረሽብኝ ነው እንዴ?» አለች። አዲሱን ሰማያዊ ኮቷን አወጣች።

አጎት ጂን ዘንድ ሄድኩ። ልጅ ሆነን ያንዚ ማሽኑ አጠገብ ካልተቀመጥኩ እያለች ታስቸግረው ነበር፤ ነገሩን ከአርባ አንዱ ቤት ሰው ጋር አብሮ ያውቃል። «ችግር የለም፣ ባቡር ላይ አሳፍራታለሁ» አለኝ። «እኔ በዚህ ማይክራፎን ስንት ንጉሥ ገድዬ ስንቱን አስነሥቻለሁ! አንዲት ልጅ ማሻገር ያቅተኛል?» አጎቴም፣ አሁን ጥርስ የለውም፣ ቤት ለቤት ዞሮ «ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ብሎ አስጠነቀቀ። ልክ እንደ ያኔው።

እናቴን ከሁሉ ፊት ሊያስቀምጧት መጡ። እምቢ አለች። እሷ ድሮም ፊልም የምታየው ከሸራው ጀርባ ሆና ነው፤ ከፊት ያለው ሕዝብ ያጨስባታል። ከሦስት አሮጊቶች ጋር ጀርባው ላይ በርጩማዋን ዘርግታ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ከዚያ በኩል ሁሉም ነገር ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ነው፤ ብርሃኑም ሳሳ ይላል፣ ሰዎቹ ከጨርቁ ውስጥ የበቀሉ ይመስላሉ። ጨረቃዋ ወጣች፤ ቡናማ ናት፤ አወቅኋት። ከዚያ ወንዛችን፣ ወንዙ ራሱ፣ ነጭ ሆኖ ተዘረጋ። ልጅቷ በርጩማዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሮጠች። ቆንጆ ነው የሠራኸው፣ አንተ ክፉ።

በረዶው ሲከፈት አጎት ጂን «ተሻገረች!» ብሎ ጮኸ። «እናንተ ሰዎች፣ ልጅቷ ማዶ ደረሰች! መኪና ቆሟል! ወደ ሺንጂያንግ ነው!» ሸራው ላይ ያለው ግን ጥቁር ውኃና ተንሳፋፊ በርጩማ ነው። ከሕዝቡ አንድ ሰው አልሳለም። «ወደ ሺንጂያንግ» አለ ደግሞ አጎት ጂን። ሦስተኛውን ጊዜ ሲለው ድምጹ ተሰበረ፤ ማጉያው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ብቻውን ሄደ። ታላቅየዋ «ይሸከማል» ብላ የተናገረችውን እያስታወሰች አለቀሰች፤ መስኮቱ አጠገብ ቆማ አነበበች፤ ሸራው ላይ ያሉት አሮጊት ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእኔ እናት ዓይኗን አልጨፈነችም። ወደ እኔም አልዞረችም። ሲያልቅ በርጩማዋን አንሥታ ቀድማኝ ወደ ቤት ሄደች።

ጠዋት አጥሚት ሠርታ አበላችኝ። እየበላሁ «የማጉያው ሰውዬ ውሸት አይችልበትም» አለች። እኔ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «ያቺ የምታነበውም ልጅ አትችልበትም፤ ትቸኩላለች። አንቺ ትሻያለሽ።» ከዚያ ወረቀት አምጪ አለችኝ፤ ለያንዚ መልስ ልታጽፈኝ። ያለችኝን እንዳለ እጽፍልሃለሁ።

«ያንዚ ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። ቁርቁራው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ሰሞኑን አውድማው ላይ ፊልም አየሁ፤ እህትሽ ናት የጻፈችው። አንዲት ልጅ በረዶ ላይ ትሮጣለች። ከፊት የተቀመጡት ከቤት ወጥታ ስትሄድ አየናት ይላሉ። እኔ ከጀርባ ነበርኩ፤ በእኔ በኩል ወደ ቤት ነው የምትመጣው።»

ከጀርባ ግራና ቀኙ ይገለበጣል እንጂ የሚሄድ ሰው የሚመጣ አይሆንም። ይህን ልነግራት እጄን አቆምኩ። «ጻፊ» አለችኝ።

«እህትሽ ያን ቀን ጠዋት ተሻግራበት ነበር። ጠዋት የተሸከመ በረዶ ማታ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። እሷን አትውቀሻት። እኔ አልወቅሳትም። ብርድ እንዳይመታሽ፣ ኮትሽን ደርቢ። እናትሽ።»

ጽፌ መጨረስ አቃተኝ። እንደ ሕፃን ልጅ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፣ ፔይ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩትን። እሷ ወረቀቱን ከሥሬ ጎትታ «ቀለሙን አታበላሺው» አለችኝና በኮቷ እጅጌ አደረቀችው። ከመቼ ጀምሮ ታውቅ እንደነበር አልጠየቅኳትም። ልትነግረኝ ብትፈልግ ትነግረኝ ነበር።

አጠፍኩትና ፖስታው ውስጥ አስገባሁት። «እማ፣ ልላከው?» አልኳት።

«ላኪው እንጂ» አለች፣ ሳህኖቹን እየሰበሰበች። «መልሷን ደግሞ አታዘግዪብኝ። ባለፈው አራት ወር አስጠብቀሽኛል።»

ሹሜይ